ከሞላሰስ እስከ እንቁላል

የአዲስ አበባዋ ላምበረት ከማለዳ ጀምሮ ሰው አይጠፋባትም። ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ወሎ የሚጓዘው መንገደኛ ወደ መናኸሪያው ይጎርፋል። በዙሪያው ያሉት ምግብ ቤቶች እንቁላል ፍርፍርና ሽሮ ያቀርባሉ። ሱቆቹ ደግሞ እንቁላሉን ደርድረው፣ የወጥ ማጣፈጫውን ኩብ ከጨውና ከዘይት ጎን አስቀምጠው ይሸጣሉ። እንቁላሉና ኩቡ በመልክም በጣዕምም አይገናኙም። የሁለቱን አመጣጥ ወደ ኋላ እየቆጠረ የሄደ ሰው ግን አንድ ቦታ ይደርሳል። እዚያ የሚያገኘው ስኳር እየበላ አሚኖ አሲድ የሚያመርት፣ በዓይን የማይታይ የአፈር ባክቴሪያ ነው።

በኩቡ ውስጥ ያለው ማጣፈጫ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ሲሆን ግሉታሚክ አሲድ ከሚባለው አሚኖ አሲድ የሚሠራ ጨው ነው። ወደ እንቁላሉ የሚወስደው መንገድ ትንሽ ይረዝማል። ቢሾፍቱና አካባቢዋ የአገሪቱ ዘመናዊ የዶሮ እርባታ ማዕከል ናቸው። እዚያ የሚዘጋጀው መኖ በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የኖራ ድንጋይ ይደባለቁበታል። በዚህ ሁሉ ላይ በኪሎ ተመዝኖ፣ ከብዙ ኩንታል መኖ ጋር የሚቀላቀል ዱቄት አለ። ዱቄቱ ላይሲን ይባላል፤ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው።

አንዱ ሲጎድል

ፕሮቲን የሚገነባው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። ሰውም ዶሮም ከእነዚህ ገሚሱን በሰውነታቸው ውስጥ ይሠራሉ። የቀሩትን ከምግብ ካላገኙ መተኪያ የላቸውም፤ ላይሲን ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰውነት ፕሮቲን ሲገነባ ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ ካነሰው የሌሎቹ መትረፍረፍ አይጠቅመውም። ሥራው ባነሰው ልክ ይወሰናል። የተረፉት ተቃጥለው ለኃይል ይውላሉ፣ ናይትሮጅናቸውም ከሰው በሽንት፣ ከዶሮ በኩስ ይወጣል። ብዙ በቆሎ የበላች ጫጩት ሳታድግ የምትቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የበላችው አላነሰም፣ የጎደላት አንድ ነገር ነው።

እህል በተፈጥሮው ላይሲን ያንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መመዘኛ መሠረት አዋቂ ሰው ከሚበላው ፕሮቲን በእያንዳንዱ ግራም 45 ሚሊ ግራም ላይሲን ያስፈልገዋል። የተለመደው ማሽላ ወደ 20 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ይዟል፤ ስንዴም ከ30 አይዘልም። ጤፍ ከሁለቱ ይሻላል፤ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ሽምብራ፣ ባቄላና አተር በላይሲን የበለጸጉ ናቸው፤ እነሱን የሚያንሳቸው ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። እንጀራ በሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞልቶ የተሟላ ማዕድ የሚሆነው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ትብብር የተጀመረው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብም የቆመው በዚሁ ስሌት ላይ ነበር። የእህሉ ዱቄት ላይ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት ተጨምሮበት ለሕፃናት ቀረበ።

ጉድለቱን በዘሩ በራሱ ያቃለሉ ሰብሎች ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የማሽላ ዘሮችን ሲመረምሩ ሁለቱ ከሌሎቹ ተለይተው ወጡ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ። በ100 ግራም ፕሮቲናቸው ውስጥ ከ3 ግራም በላይ ላይሲን ተገኘባቸው፤ ይህም የተለመደው ማሽላ ከያዘው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ብርሃነ ገብረኪዳንና ይልማ ከበደ እነዚህን ማሽላዎች በአገር ቤት አጠኑ፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። የወሎ ገበሬዎች «ወተት በጉንጬ» የሚሉትን ዘር ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅለው ይዘሩታል፤ በእሸትነቱም ጠብሰው ይበሉታል። ምርቱ ግን ያንሳል፤ ሲደርቅ ፍሬው ይጨማደዳል።

የገብሱም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ የገብስ ዘር በስዊድን ተመርምሮ «ሃይፕሮሊ» ተባለ። እነ ላርስ ሙንክ እ.ኤ.አ. በ1970 በፕሮቲኑ ውስጥ ያለው ላይሲን ከተለመደው ገብስ እንደሚበልጥ አሳወቁ። የእሱም ፍሬ ጭምድድ ነበር። ምክንያቱ አንድ ነው። እህል በፍሬው ውስጥ የሚያከማቸው ፕሮቲን በአብዛኛው ላይሲን የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ክምችት ሲቀንስ የላይሲኑ ድርሻ ይጨምራል፤ የፍሬው ሙላት ግን አብሮ ይጎድላል።

ሦስተኛው ሙከራ ከላምበረት ብዙም በማይርቀው በጉርድ ሾላ በኩል አልፏል። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ግቢ እዚያ ነው፤ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከሉ የሲሚት የኢትዮጵያ ቢሮም በዚያው ግቢ ይገኛል። ሲሚት ከፍተኛ የፕሮቲን ጥራት ያለውን በቆሎ ለማውጣት ለአሥርት ዓመታት ደክሟል። የዚህን በቆሎ የለሰለሰ ፍሬ መልሰው ያጠነከሩት ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪሌጋስ እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በኢትዮጵያም «ጋቢሳ» የተባለው የዚህ ዓይነት ድቅል በቆሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ተለቀቀ።

እነዚህ ጥረቶች ሁሉ ላይሲኑን በዘሩ ውስጥ ለማግኘት የተደረጉ ናቸው። ሌላው መንገድ ላይሲኑን ለብቻው ሠርቶ በእህሉ ላይ መጨመር ነው። ይህ መንገድ የተከፈተው ከመቶ ዓመት በፊት በጃፓን፣ ስለ ሾርባ ጣዕም በተነሳ ጥያቄ ነው።

ከባሕር አረም እስከ አፈር

የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ጃፓኖች ሾርባ ከሚያዘጋጁበት ኮምቡ ከሚባለው የባሕር አረም ግሉታሜትን ለይቶ አወጣ። በዓመቱ ሳቡሮሱኬ ሱዙኪ የተባለ ነጋዴ «አጂኖሞቶ» በሚል ስም ገበያ ላይ አዋለው። ፋብሪካው ግን ባሕር አረም አልተጠቀመም። የስንዴን ፕሮቲን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየቀቀለ ያፈራርስና ከተበተኑት አሚኖ አሲዶች ግሉታሜቱን ይለይ ነበር። አሲዱ ብረት ስለሚበላ ሥራው በሸክላ ጋን ይከናወን ነበር፤ ጭሱም ጎረቤቱን ያስመርር ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ለአንድ አሚኖ አሲድ ሲባል የሰው ምግብ የሆነ ፕሮቲን መፍረሱ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ምግብ ባነሳት ጊዜ ኪዮዋ ሃኮ የተባለው ኩባንያ ሌላ ጥያቄ አነሳ። ፕሮቲን ከማፍረስ ይልቅ ከርካሽ ስኳር ተነስቶ አሚኖ አሲድ የሚገነባ ፍጥረት ይገኛል ወይ? በጊዜው የብዙዎች መልስ «አይገኝም» ነበር። ባክቴሪያ አሚኖ አሲድ የሚሠራው ለራሱ ነው፤ ለመኖር የሚያስፈልገውን ነገር ወደ ውጭ የሚያፈስበት ምክንያት የለውም ተብሎ ይታመን ነበር።

የምርምር ቡድኑ መሪ ሹኩኦ ኪኖሺታ ግን ፍለጋውን ጀመረ። ሽጌዞ ኡዳካ የተባለው ባልደረባው የፈጠረው የፍለጋ ዘዴ በቀላልነቱ ያስደንቃል። ከተለያየ ቦታ የመጣ አፈር በውሃ ተበጥብጦ በሳህን ላይ ይዘራና ከእያንዳንዱ ባክቴሪያ አንድ ነጠብጣብ የምታህል መንደር ይበቅላል። ከዚያ መንደሮቹ በአልትራቫዮሌት ጨረር ይገደሉና በላያቸው ሌላ ባክቴሪያ ይፈስሳል። ይህ ሁለተኛው ሊዩኮኖስቶክ ሜሰንቴሮይደስ ሲሆን ግሉታሜት ካላገኘ አያድግም። በሳህኑ ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ሊዩኮኖስቶክ የበቀለበት ነጠብጣብ ካለ፣ ያ ነጠብጣብ ከመሞቱ በፊት ግሉታሜት ወደ ውጭ ሲያፈስ ነበር ማለት ነው።

ሊዩኮኖስቶክ ለኢትዮጵያ ማዕድ እንግዳ አይደለም። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት በጉድጓድ ተቀብሮ የሚብላላውን የቆጮ ሊጥ ማኮምጠጥ ከሚጀምሩት ባክቴሪያዎች መካከል ይኸው ዝርያ እንዳለ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1956 ፍለጋው ፍሬ አገኘ። ቶኪዮ ከሚገኘው ከኡኤኖ የአራዊት መጠበቂያ ከተወሰደ አፈር የወጣ ዱላ መሰል ባክቴሪያ ግሉታሜትን በብዛት ሲያፈስ ተገኘ። ዛሬ ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚኩም ይባላል። የስንዴውን ፕሮቲን በአሲድ የማፍረሱ ዘመን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

የሚሰጥበት ምክንያት

ባክቴሪያው ግሉታሜቱን የሚያፈሰው በደህናው ጊዜ አይደለም። ኮሪኔባክቴሪየም ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከአካባቢው መውሰድ አለበት። ባዮቲን የሴሉን ስስ ቆዳ ለሚገነባው ቅባት መሠሪያ ያስፈልጋል። ሲያንሰው ቅባቱ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይለወጣል፣ ግሉታሜቱም ወደ ውጭ ይጎርፋል። ለረጅም ጊዜ ይህ ተራ መንጠባጠብ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች በሴሉ ቆዳ ላይ፣ ውጥረቱ ሲለወጥ የሚከፈት የፕሮቲን በር መኖሩንና ግሉታሜቱም በዚያ በኩል እንደሚወጣ አሳዩ።

ይህ ዕውቀት ለሸንኮራ አገዳ አገሮች ልዩ ትርጉም አለው። የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ግን ባዮቲን ሞልቶበታል። ባዮቲን የጠገበ ባክቴሪያ ደግሞ ይረባል እንጂ ግሉታሜት አይሰጥም። መፍትሔው ፔኒሲሊን ሆነ። ባክቴሪያው በሞላሰሱ እንዲራባ ከተተወ በኋላ በተመረጠው ሰዓት ጥቂት ፔኒሲሊን ይጨመርበታል። መድኃኒቱ የሴሉን ግድግዳ ግንባታ ያናጋል፤ ያኔ በሩ ይከፈታል። ሰውን ከበሽታ የሚያድነው መድኃኒት በፋብሪካ ውስጥ ባክቴሪያን የማለቢያ መሣሪያ ሆነ።

ላይሲን ሌላ ዘዴ ጠየቀ። ባክቴሪያው ላይሲንን የሚሠራው አስፓርቲክ አሲድ ከሚባለው አሚኖ አሲድ ተነስቶ ነው፤ ከዚያው መነሻ ትሪዮኒን የሚባለውም ይወጣል። የመንገዱን መግቢያ የሚጠብቅ አስፓርቶካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ላይሲንና ትሪዮኒን ሁለቱም ሲበዙ ኢንዛይሙ ላይ ተጣብቀው ሥራውን ያስቆሙታል። ጎተራው ሲሞላ ማጭዱን እንደሚያስቀምጥ ገበሬ፣ ባክቴሪያውም ከሚበቃው በላይ አያመርትም።

እነ ኪኖሺታ እ.ኤ.አ. በ1958 ትሪዮኒንን መሥራት የማይችል ሚውታንት አወጡ። ይህ ባክቴሪያ ትሪዮኒኑን የሚያገኘው ሰዎች በልክ ሲሰጡት ብቻ ነው። ከሁለቱ ከልካዮች አንዱ ስለጎደለ ላይሲኑ ብቻውን ሥራውን ማስቆም አይችልም። ኢንዛይሙ ያለ ገደብ ይሠራል፣ ላይሲኑም ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ በጀርመን የዩሊሽ ተመራማሪዎች ሴሉ ላይሲንን ወደ ውጭ የሚያስወጣበትን ፕሮቲን ለይተው አሳወቁ። በ2002 ኪዮዋ ሃኮ የብዙ ዓመታት ሚውታንቶችን መርምሮ የሚጠቅሙትን ሦስት ለውጦች ብቻ በመጀመሪያው የ1956 ዘር ላይ አሳረፈ። ይህ ዘር በ27 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሊትር 80 ግራም ላይሲን አከማቸ። በዓመቱ 3.3 ሚሊዮን ፊደላት ያሉት የባክቴሪያው ሙሉ ጂኖም በጃፓንና በጀርመን ቡድኖች ተነብቦ ታተመ።

በጋኑ ውስጥ

የጤፍ ሊጥ ሲቦካ እርሾው ብዙ ዓይነት ባክቴሪያና እርሾ ፈንገስ አንድ ላይ ይዞ ይገባል፤ ሥራውም ብዙ አየር አይፈልግም። የላይሲን ፋብሪካ በሁለቱም ነገር ይለያል። በጋኑ ውስጥ አንድ ዘር ብቻ ይኖራል፤ የሚተነፍሰውም ያለማቋረጥ ነው። ኮሪኔባክቴሪየም ኦክስጅን ካጣ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይረዋል፣ ላይሲኑም ይቀራል።

ሥራው ከትንሽ ብልቃጥ ይጀምራል። ባክቴሪያው ከብልቃጥ ወደ ትንሽ ጋን፣ ከዚያ ወደ ትልቅ ጋን እየተሸጋገረ በመጨረሻ በመቶዎች ሜትር ኩብ ወደሚለካው ማብላያ ይገባል። ከተህዋስያን የጸዳ አየር ከሥር ይነፋበታል፤ መቅዘፊያ ያማስለዋል። ሴሎቹ ሲሠሩ የሚፈጥሩት ሙቀት ከ30 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ ቀዝቃዛ ውሃ በዙሪያው ይዞራል። ስኳሩ በአንድ ጊዜ አይገባም፤ በጥቂት በጥቂቱ ይንቆረቆራል።

ስኳር ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ነው፤ አሚኖ አሲድ ደግሞ ናይትሮጅን ይፈልጋል። እሱን የሚያመጣው አሞኒያ ሲሆን የኮመጠጠውን እያስተካከለም ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ይሠራል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ እያንዳንዱ ሊትር ከ100 ግራም በላይ ላይሲን ይይዛል። ሴሎቹ ይጣራሉ፣ ላይሲኑ ተለይቶ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨው ይሆናል፣ ይደርቃል፣ በከረጢት ይሞላል። በጥሩ ዘር ከሁለት ኪሎ ስኳር አንድ ኪሎ ገደማ ላይሲን ይገኛል። በሞላሰስ ሲሰላ አራት ኪሎ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም በኬሚካል ፋብሪካ የማይተካበት ምክንያት አለ። አሚኖ አሲድ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት ገጽ አለው። ተራ ኬሚስትሪ ሁለቱን እኩል አድርጎ ይሠራል፤ እንስሳ ግን በላይሲን በኩል አንደኛውን ብቻ ይጠቀማል። ባክቴሪያው የሚሠራው የሚፈለገውን ገጽ ብቻ ነው። ሜቲዮኒን ላይ ነገሩ ይለያል። የዶሮ ሰውነት የማይጠቅመውን የሜቲዮኒን ገጽ ወደሚጠቅመው መቀየር ስለሚችል በዓለም ገበያ ያለው አብዛኛው ሜቲዮኒን ዛሬም የሚሠራው በኬሚካል ፋብሪካ ነው።

የዓለም ፋብሪካዎች ዛሬ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ላይሲን ያመርታሉ፤ ቻይና ቀዳሚ ናት። ሒሳቡ ለመኖ አቀናባሪው ግልጽ ነው። 3 ኪሎ የላይሲን ጨው ከ97 ኪሎ በቆሎ ጋር ሲደባለቅ በላይሲን በኩል ወደ 100 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ይጠጋል። ገበያው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአደባባይ ታየ። የአሜሪካው አርቸር ዳንኤልስ ሚድላንድና የእስያ ተፎካካሪዎቹ የላይሲንን ዋጋ በምስጢር ሲወስኑ ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ማርክ ዊታከር ስብሰባዎቹን ለአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ቀረጸ። በ1996 ኩባንያው በላይሲንና በሲትሪክ አሲድ 100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈለ። በዚያ ዋጋ ንረት የተጎዱት መኖ ገዢዎች፣ በእነሱም በኩል ዶሮና አሳማ አርቢዎች ነበሩ።

ሞላሰሱ እዚህ ነው

ወንጂ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ፤ መተሐራና ፊንጫ ተከተሉ። አገሪቱ ዛሬም ለራሷ የሚበቃ ስኳር ስለማታመርት ከውጭ ትገዛለች። ስለዚህ ከማዕድ የሚወሰድ ስኳር ለባክቴሪያ ይሰጥ የሚል ክርክር አያዋጣም። ሞላሰስ ግን ለማዕድ አይቀርብም። ከፊሉ ለከብት መኖ ይውላል፤ ፊንጫና መተሐራ ደግሞ ወደ ኢታኖል ይቀይሩታል። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የጀመረው ኢታኖል የተገኘው ከዚሁ ነው። በሞላሰስ ላይ ተህዋስያንን በፋብሪካ ደረጃ የማሠራት ልምድ በአገር ውስጥ አለ ማለት ነው።

ከኢታኖል ወደ ላይሲን ያለው ርቀት ግን ቀላል አይደለም። ኢታኖል የሚሠራው እርሾ አየር አይፈልግም፤ የሚያመርተው አልኮልም ሌሎች ተህዋስያንን ያርቅለታል። ኮሪኔባክቴሪየም እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። አንድ ባዕድ ባክቴሪያ ወይም ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ ጋኑ ውስጥ ከገባ የቀናት ሥራ ይበላሻል። አየር መንፊያውም ለደቂቃዎች መቆም የለበትም፤ መብራት ሲጠፋ ባክቴሪያው ይታፈናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይሉን አብዝቶታል፤ ፋብሪካው የሚፈልገው ግን ያልተቆራረጠ መስመር ጭምር ነው። አሞኒያም ያስፈልጋል። በሶማሌ ክልል ጎዴ በዳንጎቴ ሽርክና እንዲገነባ በ2025 የተፈረመው የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ሲጠናቀቅ አሞኒያ በአገር ውስጥ ይሠራል፤ ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነውና።

ከማሽኑ በፊት ግን የሚያስፈልገው ዘሩና ባለሙያው ነው። ምርጥ የኢንዱስትሪ ዘሮች በኩባንያዎች እጅ በባለቤትነት መብት ተጠብቀው ይኖራሉ፤ የ1956ቱ ዘር ግን ከዓለም አቀፍ የተህዋስያን ባንኮች በጥያቄ ይገኛል፣ ጂኖሙም ለሁሉም ክፍት ነው። በሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንጀራን፣ የቆጮንና የጠጅን ተህዋስያን ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። የኡዳካ ዘዴ የሚጠይቀው አፈር፣ ሳህን፣ የጨረር መብራትና ግሉታሜት የሚፈልግ ሊዩኮኖስቶክ ነው። ይህን ሁሉ አንድ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ያሟላል። ቀጣዩ ደረጃ ከወንጂ ወይም ከመተሐራ በመጣ ሞላሰስ ላይ አንድ ላይሲን አምራች ዘር በአሥር ሊትር ማብላያ አሳድጎ፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ ስንት ግራም ላይሲን እንደወጣ ለክቶ፣ ቁጥሩን ለቢሾፍቱ መኖ አቀናባሪዎች ማቅረብ ነው። እነሱ ያንን ቁጥር ለአንድ ከረጢት ላይሲን ከሚከፍሉት ዶላር ጎን አስቀምጠው ፋብሪካ መገንባት ያዋጣ እንደሆነ ሊያሰሉ ይችላሉ።